ፒችትሪና ዘመዶቹ

የፋይናንስ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሲቪ ላይ የሚሰፍሩ ቃላት ሦስት ነገድ አላቸው፤ ጌጥ፣ ማዕረግና ፒችትሪ። ጌጥ የሚባሉት «ታታሪ»፣ «በሥራ ጫና የማይበገር»፣ «በቡድን መሥራት የሚወድ» እና መሰሎቻቸው ናቸው። በሰነፉም በትጉሁም ሲቪ ላይ እኩል ስለሚበቅሉ ጥናታችን ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋቸዋል። የሒሳብ ሶፍትዌር ስም የሆነው ፒችትሪ ግን ወንበር ተስቦለት ሊጠና የሚገባው ቃል ነው። ትውልዱ አትላንታ ነው፤ ስሙም የዚያች ከተማ አውራ ጎዳና ስም ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ሶፍትዌሩን ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ግን መርዶው አልደረሳትም። ከአራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ ቴሌግራም ቻናል ድረስ «ፒችትሪ የሚችል/የምትችል» የሚለው ሐረግ ዛሬም በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል።

ፒችትሪ ቻዩ በበኩሉ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ሰልጣኝ ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር ቤልዌዘር የሚባል የመለማመጃ ድርጅት አብሮ ይመጣል፤ የአትክልት ስፍራ ዕቃ የሚሸጥ አሜሪካዊ ሱቅ ነው፤ ከሸቀጦቹም መካከል የወፍ ቤት ይገኝበታል። ሰልጣኙ የወፍ ቤት በዱቤ ሲሸጥ የትኛው ሒሳብ ዴቢት እንደሚደረግ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይናገራል፤ የመርካቶ ጅምላ ሻጭ ደረሰኝ ሲሰጡት ግን ወፉን ይፈልጋል። ሁለተኛው መዝጋቢ ነው። ቫውቸር ሲያስገባ ጣቱ አይታይም፤ ወር መዝጋት ሲመጣ ግን አጠገቡ ወደተቀመጠችው ሴት ይጠቁማል። ሦስተኛውና ዘሩ የተመናመነው፣ ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመት በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ላይ እንደሚውል የሚያውቅ፣ ጳጉሜን ስትመጣም የማይደነግጥ ነው። ሶፍትዌሩ ጳጉሜን የምትባል ወር ሰምቶ አያውቅም፤ ይህ ሰው ግን የት እንደሚያሳድራት አስቀድሞ ወስኗል። ሦስቱም ሲቪያቸው ላይ የጻፉት ያንኑ አንድ ቃል ነው።

ክርክራችን የሚነሳው ከዚህ ነው። ቃሉ ብቻውን ሦስቱን ካልለየ፣ ቃል ማብዛትም አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ቃሉን ከሠሩት ሥራ ጋር ማጋባት ነው። አንዱ «ባንክ ሪኮንሲሌሽን» ብሎ «ክህሎት» ከሚለው ርዕስ ሥር ከሌሎች ሃያ ቃላት ጋር ይከምረዋል። ሌላው በሠራበት ድርጅት ስም ሥር «የአራት ባንክ ሒሳብ በየወሩ አስታርቅ ነበር» ብሎ ያሰፍራል። ማመልከቻ በኦንላይን የሚቀበል መሥሪያ ቤት ቃል እየለቀመ የሚያጣራ ሥርዓት ቢኖረው ሁለቱንም ያሳልፋቸው ይሆናል። ከማጣሪያው ጀርባ ግን መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወረደ ሰው ተቀምጧል፤ «ከአራቱ ያስቸገረህ የትኛው ነበር?» ይላል። የከመረው ዝም ሲል ያስታረቀው ብሶቱን ይጀምራል። ብሶት ደግሞ በሥልጠና አይገኝም።

«ታዲያ አንዱ ቃል ቀርቶብኝ ከምወድቅ ሁሉንም ብጽፍ ምን አለበት?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ አይናቅም። አይኤፍአርኤስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ታሪክ እንይ። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደረጃውን እንዲከተሉ ያዘዘው ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶችን ነበር፤ ከድርጅቶቹ ቀድመው የታዘዙት ግን ሲቪዎች ይመስላሉ። ቃሉ በየሲቪው ስላለ ዛሬ መኖሩ ማንንም አያስጠራም፤ ቢጎድል ግን ያስጥላል። ስለዚህ ይጻፍ፤ ግን የትኛውን ንብረት ወይም የትኛውን የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም በደረጃው እንደለኩ አብሮ ይጻፍ። ምንም ያልለካ ሰው ቃሉን ቢተወው ቢያንስ ጥያቄውን ያመልጣል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ማስታወቂያው ራሱ እውነት አይናገርም የሚል ነው። ስምንት ዓመት ልምድ ተጠይቆ ሥራው ፔቲ ካሽ መያዝ ሆኖ ይገኛል፤ ደመወዙ «በስምምነት» ይባላል፤ ስምምነቱ ግን ከመፈራረሙ በፊት አንድ ወገን ብቻውን የጨረሰው ነው። ይህን አንክድም። ማስታወቂያውን ካለፈው ማስታወቂያ የገለበጠው ሰው ግን ሲቪ ላይ የሚፈልገው የገለበጣቸውን እነዚያኑ ቃላት ነው። ቃሉን ከእሱ መዋስ ነውር የለበትም፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ቁጥር ግን የራስ ይሁን።

ማዕረግ የተባለው ነገድ እንኳ ራሱን ችሎ አይቆምም። ሲቪው «ፋይናንስ ማናጀር» ሲል የልምድ ደብዳቤው «ጁኒየር አካውንታንት» ይላል፤ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ደግሞ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» መሆኑ በማስረጃ ይጠየቃል። ማዕረግን ማሳበጥ ይቻላል፤ ያልተቆረጠ ግብርን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆርጥ ቅጽል አልተገኘም። የዚህን ነገድ ንዑሳን ክፍሎች፣ በተለይም «ተጠባባቂ» እና «ምክትል» የተባሉትን ሁለት ወንድማማቾች፣ በዝርዝር ለማቅረብ ታስቦ ነበር። ይሁንና የምዝገባው ጊዜ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለተከታታይ 5 የሥራ ቀናት ብቻ ስለሆነና ዛሬ አምስተኛው ስለሆነ፣ ጥናቱ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ወጥቷል።