መጀመሪያ እሱ ያጫውተን

የድሮ ቪዲዮ ጌም ከፍቼ፣ እጄን አጣጥፌ ስመለከት አንድ ወዳጄ ደረሰ።

«ምነው፣ መጫወት ተውክ እንዴ?»

«አልተውኩም። እሱ እያጫወተኝ ነው።»

በብዙዎቹ የቀደሙ ጌሞች የመክፈቻው ገጽ ላይ ምንም ሳይነኩ ጥቂት ከቆዩ፣ ጌሙ ራሱ መጫወት ይጀምራል። «ዴሞ» የሚሉት ይህንን ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲገባ፣ ቡናው እስኪደርስ የሚያጫውተው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ዴሞም ሥራው ይኸው ነበር።

«እሱማ ለጌም ማሽኑ ሳንቲም ማስጎረሻ ማስታወቂያ ነው» አለኝ።

«ማስታወቂያ መሆኑንማ ማን ካደ! ግን የሚያሳይህ የሚሸጥልህን ራሱን ነው። ደግሞ ሳትከፍል ያስቅሃል። ታይቶ የተባለው ኩባንያ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስፔስ ኢንቬደርስ አላየህም? ‹ፕሌይ› የሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደሉ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ከጌሙ የጠፈር ወራሪዎች አንዱ መጥቶ ፊደሉን ጎትቶ ይወስድና የተቃናውን ይዞ ይመለሳል። ፊደል የሚያርም ጠላት ሌላ የት አየህ?»

«ጠላት ያው ጠላት ነው።»

«ቢሆንም ስሙን ነግሮ የሚመጣ አለ። በ1980 የወጣው የናምኮው ፓክማን፣ የሚያሳድዱህን አራት መናፍስት ቀድሞ በየስማቸው ያስተዋውቅሃል፦ ብሊንኪ፣ ፒንኪ፣ ኢንኪ፣ ክላይድ። ሳትተዋወቅ አትባረርም።»

«ቢበዛ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው!»

«ቪዲዮውን የት አባቱ ያስቀምጠው? የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሁለመናው 40 ኪሎባይት ነው። ለዴሞው የተቀመጠው የትኛው ቁልፍ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጫን ብቻ፣ ያውም ከ50 ባይት ባነሰ ቦታ። ማሪዮ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይሮጣል፣ እንደ አዲስ ይዘላል። የ1993ቱ ዱም ደግሞ የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በሰከንድ 35 ጊዜ ይመዘግባል። ተጫዋቾች በዚሁ ዴሞ እየቀረጹ ‹ማን ቀድሞ ጨረሰ?› ተባብለው ተፎካክረውበታል።»

«ዛሬ እኮ ማስተማሪያው በጽሑፍ ይመጣል።»

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ማሪዮ እንዴት እንደሚዘል አይቼ ነው የዘለልኩት። የዛሬውን ስከፍተው ‹ቁልፍ ተጫን፣ አካውንት ክፈት፣ እስኪዘምን ጠብቅ› ይለኛል። እንግዳ ደጅ ላይ አቁሞ መታወቂያ መጠየቅ ነውር ነው።»

ወዳጄ የመጨረሻውን ወረወረ። «የናፈቀህ ዴሞው አይደለም፤ ልጅነትህ ነው።»

«ልጅነቴን የሚመልስልኝ የለም። ዴሞን ግን ጌም ሠሪዎች ቢፈልጉ ነገ ይመልሱታል። ከ50 ባይት በታች በቅቶት የነበረ ነገር፣ ዛሬ ቦታ ጠበበው ሊሉኝ አይችሉም።»

ዝም አለ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና አብረን ማየት ጀመርን።

አሮጌ ጌም ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ክፈቱትና ምንም ቁልፍ ሳትነኩ ጥቂት ጠብቁት። መጀመሪያ እሱ ያጫውታችሁ፤ ተራችሁ ይደርሳል።