የማያስመርጠው ራዲዮ

የዛሬ ሰው የማይፈልገውን ነገር ሩብ ሰዓት እንኳ ተቀምጦ መስማት አቅቶታል። እኔ ብቸና ተወልጄ ሞጣ ያረጀሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ ሰማንያን ከረገጥኩ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ የመነጫነጭ ሙሉ መብት አለኝ። እኛን ያሳደገን ራዲዮ «ምን ላሰማችሁ?» ብሎ የጠየቀን ቀን የለም። የሰጠንን ሰማን። ጨዋ ስለሆንን አይደለም፤ በሰፈሩ ያለው ሳጥን አንድ፣ በደንብ የሚሰማው ጣቢያ አንድ፣ ማዞሪያውን መንካት የሚችለውም ባለቤቱ ብቻ ስለነበር ነው። እጁን ወደዚያ የሰደደ እጁን ይመታል።

ማለዳ ይከፈታል። ዜናው ጃንሆይ ማንን እንደተቀበሉ፣ ማንን እንደሸኙ፣ ምን እንደመረቁ በዝርዝር ይነግረናል። «ሰበር» የሚባል ነገር የለም፤ የሚሰበርም ቢኖር ተጠግኖ ነው የሚቀርብልን። አሁን የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ይመጣል ብለን ስንደላደል ስለ ዶሮ እርባታ ምክር ይጀመራል። ዶሮዋ ስታልቅ ማስታወቂያ ይከተላል። ከዚያ ሶማሊኛው፣ አረብኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ፈረንሳይኛው። ይዘጋ እንዳንል ቀጣዩ አማርኛ ያመልጠናል። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ፈረንሳይኛውን ከዳር እስከ ዳር በጥሞና ሰምተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲነሡ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ደህና ተናገረ» ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ማንም አላስተባበላቸውም።

እንግሊዞች የሰውን ጠባይ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። እንደነሱ አቆጣጠር እስከ 1946 ድረስ ቢቢሲን ለሦስት ከፈሉት፤ ጨዋታ ለሚወድ ቀላል ፕሮግራም፣ ለቤተሰቡ የአገር ቤት አገልግሎት፣ ለሊቁ ደግሞ ሦስተኛ ፕሮግራም። ሊቁ ቀልድ አይሰማ፣ ቀልደኛውም ሊቅ አይሰማ! ብቸና ላይ ሦስቱም በአንድ ሳጥን ይመጡ ነበር። ቄሱም፣ ጠጅ ጣይዋም፣ እኔም ስለ ዶሮዋ ሰማን።

ደግሞ የድንጋዩ ጉዳይ አለ። ባትሪ ድንጋይ ብርቅ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ የሚመለስ ሰው ለቤቱ ስኳር ቢረሳ ይቅር ይባላል፣ ድንጋይ የረሳ ግን መንገድ ላይ ሰላምታ ይነፈገዋል። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ በጥርስ እንነክሳለን፤ ከአዲሱ ጋር አቀላቅለን እንሞክራለን። ለዜናው ብለን ዘፈኑን እንዘጋለን። በዚህ ሁሉ መከራ ቆጥበን ልክ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ድምፁ ይሳሳል። ያኔ ሁላችንም ወደ ሳጥኑ እንጠጋና ራስ ለራስ እንጋጫለን። ስለ ኮንጎ ጦርነት አብዛኛውን የሰማሁት የአንድ ነጋዴ ክርን ጎኔ ውስጥ ተሰክቶ ነው።

በ1955 ብስራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። የሉተራኖች ጣቢያ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዝግጅቱ ያማረ፣ እምነቱ ግን የእኛ አይደለም። ካህናቱ «የሚስዮን ነው፣ አትስሙ» ይላሉ፤ ሲሉ ግን ትናንት ማታ ምን እንደተባለ አንድም ሳያዛንፉ ነው። ደርግ በመጋቢት 1969 ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲያደርገው፣ በጣም ያዘኑት እነዚሁ ከልካዮቹ ነበሩ።

መንግሥት የሚባለውም በዚያው ሳጥን ነው የሚገባና የሚወጣ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አልጋ ወራሹ የአዲሱን መንግሥት መግለጫ አነበቡ ተባለ፤ በቀናት ውስጥ ያው ራዲዮ ተመልሶ የጃንሆይ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት መንግሥት፣ በአንድ ጥንድ ድንጋይ። የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ የመሬት አዋጁ ተነበበ። በርስት ተማምኖ በሚኖር አገር ይህ ሲነበብ አባቴ ፈቀቅ አላሉም። «ይጨርስ» አሉ፤ ጨረሰ። ከዚያ ተነሥተው በሬዎቻቸውን ሊያዩ ወጡ።

ስለ ራሳችን ግን ከራዲዮ የሰማሁት ትንሽ ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብሩ አዋጅ ሞጣንና ብቸናን አሳምፆ፣ ነገሩ እስከ አውሮፕላን ድብደባ ሲደርስ፣ ወሬው ወደኔ የመጣው ከገበያ በመጡ ሰዎች አፍ ነው። ስለ ፓሪስ እየሰማሁ ስለ ደብረ ወርቅ መንገድ የበቅሎ ነጂ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን ቂም እስካሁን ይዤዋለሁ።

ቂሜን ያለዘበልኝ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን በራዲዮ ሲተርክ ብቸና ሥራ ትፈታ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም። ዲማ ጊዮርጊስ እኮ ከደጃችን ነው! የመጽሐፉ በዛብህ የተማረበት፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለበት አገር ነው። ልብ ወለድ ነው ብትል የሚሰማህ የለም። አንዱ ፊታውራሪ መሸሻን በአያቱ በኩል ይዛመዳል፤ ሌላው የልጃቸውን የሰብለን ቤት ፍርስራሽ አሳያችኋለሁ ብሎ ይማላል። ሞጣዎች በዚህ ይቀናሉ፤ ደራሲው ዘለለን እያሉ ሲነጫነጩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በ1994 «የቀን ቅኝት» የሚባል ድራማ ተጀመረ። 257 ክፍል! ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነው። አስቡት፤ ስምንት ልጅ ያሳደግሁ ሰው፣ ባለቤቴ በቀኝ፣ ምራቴ በግራ ተቀምጠው፣ ስለ ወሊድ መከላከያ በአማርኛ ጥርት ተደርጎ ይነገረኛል። ልነሣ አልል፣ ታሪኩ ልብ ላይ ነው የቆመው። ልዝጋ አልል፣ «ምን ያሳፈረው ነገር አለ?» ይባላል። እንደምንም ጣራ ጣራ እያየሁ ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ዕድሜዬ መስማት የሚገባኝን ነገር ማንም በፈቃዴ አያሰማኝም ነበር።

ማታ ደግሞ የሒሳብ ሰዓት ነው። ከ1957 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን የጀርመን ድምፅ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ የመንግሥቱን ራዲዮ 2 ሰዓት፣ የአሜሪካ ድምፅን 3 ሰዓት ላይ እሰማ ነበር። አንዱ የደመረውን ሌላው ይቀንሳል፤ ቀሪውን እኔ እወስዳለሁ። አንዳንድ ዘመን አጭር ሞገዱ ላይ የወፍጮ ጩኸት ይለቀቅበታል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ዜና ለይቶ መስማት የተማርነው እኛ ነን።

የልጅ ልጄ ግን ጆሮው ውስጥ ነጭ ባቄላ የመሰለ ነገር ወትፎ ይውላል። ምን እንደሚሰማ ስጠይቀው «የምወደውን» ይለኛል። በ2015 ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባቄላው ዝም አለና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዜና ተጀመረ፤ ዝም። የግብርና ዝግጅት መጣ፤ ተቁነጠነጠ። ትንሽ ቆይቶ «አባባ፣ ይኼን ማሳለፊያው የቱ ነው?» አለኝ። ማሳለፊያ የለውም አልኩት። ያላመነኝ ይመስላል፤ ሳጥኑን ገልብጦ ከታች በኩል ፈለገ።

በመጋቢት 2017 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ሲታገዱ 3 ሰዓቴ ባዶ ቀረ። ሒሳቡን ከሁለት ብቻ መሥራት ለለመደው አይመችም፤ ቢሆንም እሠራለሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በሞጣም ሆነ በብቸና ሱቅ ያላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። መደርደሪያችሁ ላይ ያሉት ድንጋዮች ሁሉ ለሪሞት የሚሆኑ ቀጫጭኖች ናቸው። የእኔ ራዲዮ የሚበላው ትልቁን ነው። ያለው ሰው ሁለቱን ያስቀምጥልኝ፤ ዋጋውን አልከራከርም።