ወይን በሌለበት ስለሚሰጥ የወይን አስተያየት፦ ከጋአን ሊባህ የተጠናቀረ ጥናት

ስለ ወይን ጠጅ አስተያየት ለመስጠት ወይን ጠጅ ያስፈልጋል የሚለው እምነት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሐርጌሳ ላይ፣ በተለይ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር፣ ይህ እምነት ሊጸና አልቻለም። ሶማሊላንድ ውስጥ አልኮል ክልክል ነው፤ ከቶጎ ውጫሌ ኬላ ወዲህ ቡሽ ሲነቀል አይሰማም። ሐበሻ ግን አለ። ግንበኛው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ አስተማሪው ማታ ከሥራ ሲመለሱ አንዱ ቤት ይሰበሰቡና ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩን እየጠጡ አገር ቤት የጠጡትን ወይን ይተነትናሉ።

አጥኚው ስለ ጥናቱ መሣሪያ አንድ ማሳሰቢያ አለው። የሐርጌሳ ሻይ ወተት፣ ሄልና ቀረፋ የገባበት ስለሆነ፣ ተናጋሪው «ቅመም ቅመም ይላል» ባለ ቁጥር የትኛውን መጠጥ ማለቱ እንደሆነ ወዲያው መጠየቅ ግድ ይላል። ካደረ መልሱ አይታመንም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አን ኖብል የተባሉ የካሊፎርኒያ ምሁር የወይንን ጠረን በአንድ ክብ ሠንጠረዥ ከፋፍለው አስቀምጠዋል፤ የፍራፍሬው፣ የአበባው፣ የእንጨቱ እየተባለ። ሥራው የተመሰገነ ነው። ሆኖም ሠንጠረዡ የኛ ቀማሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣቸውን ነጥቦች ዘልሏቸዋል፦ ማን ገዛው? ለምን በዓል ተከፈተ? ለስንት ሰው ተዳረሰ? በማግስቱ ራስ አሳመመ ወይስ አላሳመመም? ጋአን ሊባህ ውስጥ ስለ እንጆሪ ጠረን ያነሣ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የወይኑን ገዢ ስም የዘነጋም አልተገኘም።

ቀማሾቹ በአራት ወገን ይከፈላሉ።

አንደኛው የአክሱማይት ወገን ነው። ወይን መጣፈጥ አለበት ብሎ ያምናል፤ ካልጣፈጠ ለምን ይጠጣል? ክርክሩ በዚህ ይጀምራል፣ በዚህም ያልቃል።

ሁለተኛው የጉደር ወገን ነው። ይህ ወገን ጣፋጭ ወይንን ለልጆች ያወርሳል። «ወይን ማለት እንደዚህ ነው» ሲል ፊቱ ቁንዶ በርበሬ እንደነከሰ ሰው ይጨማደዳል፤ ይህም በወገኑ ዘንድ የደስታ ምልክት ነው። ከብርጭቆ በላይ ጠጥቶ የተመሰከረለት ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ያለማው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠርሙሶቹን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ከአገር የወጣው ወገን ነው። ሜርሎ፣ ካበርኔ፣ ሲራ የሚሉ ስሞችን የሚጠራው እሱ ብቻ ነው፤ ሲጠራም ሌላው እንዲሰማ አድርጎ ነው። እርሻው ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ስለዚህ ይህ ወገን ስለ ጣዕሙ ሲጠየቅ ስለ ጉማሬው ይመልሳል።

(በሦስቱም ወገን «ቡሽ ቡሽ ይላል» የሚል ትችት ይደመጣል። ፈረንሳይ አገር ይህ ከባድ ነቀፌታ ነው፤ ጠርሙሱ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ግን መንቀያ ስለጠፋ ቡሹ በማንኪያ እጀታ ተገፍቶ ወይኑ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ እንግዲህ ትችት ሳይሆን ዘገባ ነው።)

አራተኛው ወይንን በኮካ የሚጠጣው ወገን ነው፤ ሰፊ ምርመራ የሚገባውም እሱ ነው።

ይህ ወገን በሐርጌሳ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የኮካ ኮላ ፋብሪካ ቆሟል። ስለዚህ የሌላው ወገን ወይን ሙሉ በሙሉ ትዝታ ሲሆን፣ የዚህኛው ግማሹ ከማዕዘኑ ሱቅ ይገዛል። ግንበኛው ኮካውን ከፍቶ ብርጭቆውን እስከ ወገቡ ይሞላና እዚያ ላይ ያቆማል። ቀሪው ቦታ ለምን እንደተተወ ማንም አይጠይቀውም።

በመጠን ሲታዩ እኩል በእኩል የሚሉ፣ ሁለት እጅ ኮካ የሚሉ፣ «ለቀለም ያህል» የሚሉ አሉ። የመጨረሻዎቹ በተለይ ይጠናሉ፤ ቀይ ወይን ቀለም የሚያንሰው መቼ እንደሆነ አስረድተው አያውቁምና። በቅደም ተከተል ሲታዩ ደግሞ ወይን ቀዳሚና ኮካ ቀዳሚ ይባላሉ። ወይን ቀዳሚው ኮካ በላዩ ሲወርድ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛ ያበላሻል ይባላል። ኮካ ቀዳሚው አረፋው እስኪሰክን ይጠብቃል፤ እሱ እስኪጠብቅ ግን ወይኑ በሌላ ሰው ያልቃል። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ጉዳይ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረዋል። ወይን አልነበረም፤ ኮካውም ከመጀመሪያው ሰዓት አላለፈም።

አስተማሪው ይህን ወገን ለመዝለፍ አስቦ አንድ ታሪክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 በስፔን ባስክ ምድር፣ አልጎርታ በተባለ ቦታ፣ ወጣቶች ለበዓላቸው የገዙት ወይን ተበላሽቶ ቢያገኙት በኮካ አድነው ሸጡት፤ ካሊሞቾም አሉት ይባላል። አስተማሪው «ለተበላሸ ወይን ነው እንግዲህ» ብሎ ሊደመድም ነበር። ግንበኛው ግን የሰማው ስፔን የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ትከሻው ሰፍቷል፤ ብርጭቆውንም በእግሩ ይይዘዋል፣ የሻይ ብርጭቆ እግር ባይኖረውም።

የዚህ ወገን እጅግ ስውር ቅርንጫፍ ከሃዲው ነው። ከሃዲው ኮካ ሲቀላቀል አይቶ ያውቃል፤ እሱ ግን ቀላቅሎ አያውቅም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአክሱማይት ወገን ውስጥ ተሸሽጎ ነው። አጥኚው ይህን ቅርንጫፍ ለመለየት አስተማማኝ ዘዴ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ዘዴው ራሱ ትሪ ይዞ መጣ።

ጸጉር አስተካካዩ የእህቱን ሠርግ አክሱማይት እያወደሰ ነበር፦ ጣፋጭነቱን፣ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ያለውን ልስላሴ፣ ያን የመሰለ ከዚያ ወዲህ አለመቅመሱን። የአጎቱ ልጅ ሻይ ልትደግም ገባች።

«አክሱማይት አልነበረም» አለች።

«አንቺ ደግሞ በየት አየሽው?»

«ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እማዬ ዘይት ታደርግበታለች፤ እስከ ዛሬ ጓዳ አለ። ጉደር ይላል።»

የጉደር ወገን ፊቱን ለማጨማደድ እንኳ አልደረሰም። ጉደር አይጣፍጥም፤ ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ግንበኛው ቀስ ብሎ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞረ።

«ትንሽ ነው የጨመርኩት» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ለቀለም ያህል።»