ይድረስ ለሲዲሲ፦ ስለ ቡቺ ጉዳይ

ለአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ)
አትላንታ

ጉዳዩ፦ ቡቺ የተባለ የኮዬ ፈጬ ውሻ የሚሄድበትን፣ እኔ የምቀርበትን ሁኔታ ይመለከታል

ቨርጂኒያ የገባችው እህቴ «ውሻዬን ላኩልኝ» ካለች ወዲህ የቤታችን ዋና ሰው ቡቺ ሆኗል። የጃንሆይ ውሻ ሉሉ እንዳይመስላችሁ፤ ዘሩን የሚያውቅ የለም። ኮንዶሚኒየማችን በርና መስኮት ሳይገጠምለት ከዘበኛው ጋር የአሸዋ ክምር ላይ ያደገ፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ከደረጃው ሥር እየጮኸ ብሎኩን ያስከበረ ባለውለታ ነው።

መመሪያችሁን አነበብኩት። ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችሁ የሚገባ ውሻ ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ የተቀበረለት፣ ፎቶው ተያይዞ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት ከሚያሰጋቸው አገሮች መዝገብ ላይ ስላለች ደግሞ ሌላም አለ። መጀመሪያ ቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተቀድቶ እናንተ ወዳጸደቃችሁት ላብራቶሪ ይላካል። ደሙ ከተቀዳ 28 ቀን ሳይሞላ ጉዞ የለም፤ የደም ውጤት ሳይዝ ከመጣም 28 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ይፈርምለታል። ዋሽንግተን ደለስ ሲያርፍ ቀጠሮ የተያዘለት ማዕከል ተቀብሎ ይመረምረዋል፣ ደግሞም ይከትበዋል። የእኔ የፋይዳ ቁጥር 12 አሃዝ ነው፤ የቡቺ ቺፕ 15። በዚህም በልጦኛል።

በሕጉ አልቀልድም። የውሻን እብደት ከአገራችሁ ማጥፋታችሁን እ.ኤ.አ. በ2007 አውጃችኋል። እኛ ዘንድ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ማዳኛ የለውም። በቡቺ ሰበብ የሰፈራችን ውሻ ሁሉ ቢከተብ ደስታዬን አልችለውም።

የሚያስቀናኝ ሌላ ነው። ቡቺ የጎደለው ነገር በጽሑፍ ተነግሮታል፤ በስንት ቀን እንደሚሟላም ያውቃል። ሲያሟላ ይሄዳል። ሰው ግን ለጉብኝት ቪዛ መስኮቱ ጋ ሲቆም፣ በሕጋችሁ አንቀጽ 214(ለ) መሠረት፣ ሊቀር ነው ተብሎ ይገመታል፤ እንደማይቀር ማስረዳት የራሱ ዕዳ ነው። ለዚህ የሚቀበር ቺፕ የለ፣ የሚላክ ደም የለ። ቡቺን ግን «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የባንክ ደብተር አምጣ፣ ሚስትና ልጅ አለህ ወይ አይባልም። እንዲያውም እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል!

የጉዞ ሳጥኑንማ አታንሱብኝ። አየር መንገዶች በሚከተሉት የማኅበራቸው የአያታ (IATA) ደንብ ውሻው ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መዞርና እንደልቡ መተኛት መቻል አለበት። ይህን በስልኬ ያነበብኩት ከኮዬ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ትርፍ ተጭኜ፣ አንገቴን ጣሪያው ሥር ሰብሬ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የውሻውን መመሪያ የጻፈላችሁን ባለሙያ ለቪዛው ክፍል ለጥቂት ወራት አውሱልን። የሚከለከል ሰውም ምን እንደጎደለው፣ በስንት ቀን እንደሚሞላ ቁጭ አድርጎ ይጻፍለት። ሁለተኛ፣ ቡቺ ብቻውን መጓዝ ስላልለመደ ቅጹ ላይ «አብሮት የሚሄድ ዘመድ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ክትባት ካስፈለገ ክንዴን ሰጥቻለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የቡቺ ጊዜያዊ አሳዳሪ፣ ኮዬ ፈጬ

ግልባጭ፦
ለቪዛ ክፍል (ለመረጃ ያህል)
ለቡቺ (እንዲያውቀው)