ባሕሩ ቀርቶ ሳፋው

ውድ እህቴ፣ አንቺና ባለቤትሽ ድክ ድክ ባዩን ልጃችሁን ባሕር ለማሳየት ጅቡቲ ድረስ ልትወርዱ ማሰባችሁን ሰማሁ። ከባሕር ማዶ ተቀምጬ ባሕርን ተቃውሜ ስከራከር ቢያስቅሽም፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

የመዝናናት ቀን የሚለካው በውሃው ስፋት ሳይሆን በወላጅ ትከሻ ነው። እዚህ አገር ቤተሰብ ወደ ባሕር ሲወርድ ያየ ሰው ቤት የሚለቅ ይመስለዋል፤ ዣንጥላው፣ ዳይፐሩ፣ ፎጣው፣ የፀሐይ ቅባቱ፣ ለሦስት ቀን የሚበቃው ምግብ። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ጥላ፣ የሚያንቦጫርቀው ጥቂት ውሃና ሲደክመው የሚተኛበት ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ጨው መኖሩን የሚያውቀው ሲጎነጨው ነው፤ ያኔ ደግሞ ያለቅሳል።

ለዚህ ለዚህማ ንጋት ሐይቅ ምን አነሰው? መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድባችን ጉባ ላይ ዓባይን ገድቦ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ ስፋቱ የጣናን ግማሽ የሚያልፍ ሐይቅ ፈጥሯል። የኮረብታዎቹ አናት ደሴት ሆኗል። ቦንድ የገዛን ዲያስፖራዎችም ቢያንስ የእግር ጣታችንን የመንከር መብት ያለን ይመስለኛል።

«ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ አዞ አለ» ትይኛለሽ። አልክድም። ሙቀቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ይቀላል፤ ስለ ወባው ሐኪም አማክሪ፣ አጎበርም ያዢ። አዞው ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው፤ ልጁን ሐይቁ ውስጥ ንከሩት ማን አለ? 74 ቢሊዮኑ ለእናንተ ዓይን ነው፤ ለእሱ በማንጎ ጥላ ሥር አንድ ሳፋ ውሃ ይበቃዋል። ወደ ግድቡ መነሻችሁ የምትሆነው አሶሳ ደግሞ የማንጎ አገር ናት። ከዚያ እስከ ግድቡ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አንድ ሌሊት አሶሳ እደሩ፤ የመንገዱን ሁኔታና የመግቢያ ፈቃዱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የዚህ ሐይቅ ዳር አንድ ቦታ አይቀመጥም። ክረምት ይሞላል፣ በጋ 13ቱ ተርባይኖች ሲጠጡት ይሸሻል። መስከረም ላይ ውሃው ጫፍ የተሠራ ሆቴል ግንቦት ላይ ጭቃ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ከሲሚንቶው በፊት የሚነቀል ዳስ፣ ቧንቧና ንጹሕ ሽንት ቤት ቢቀድሙ እላለሁ፤ ሕፃን የያዘች እናት ከሆቴሉ ኮከብ ብዛት ይልቅ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሳፋውን ከአዲስ አበባ ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ፤ አሶሳ ገበያ አይጠፋም።

ናፋቂሽ ወንድምሽ