«ብዙ አትነዳም እኮ!»

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ዘይት ልቀይር ባለ ቁጥር የሚሰማት አንዲት ነገር አለች፤ «አንተ ደግሞ! ብዙ አትነዳም እኮ!» አማች ይላታል፣ የቢሮ ሹፌር ይላታል፣ ጎረቤት በአጥር አሻግሮ ይላታል። እውነት ነው፣ ብዙ አንነዳም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከገርጂ መገናኛ ብቅ ማለት፣ ዳቦ ገዝቶ መመለስ፤ ይኸው ነው የኛ መንዳት። መከራችንም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ዘይት የሚገድለው ይኼው ዓይነቱ ጉዞ ነው ብለህ ለማስረዳት ብትሞክር ገንዘብ የተረፈው ሰው ትመስላለህ።

እስቲ እንደገና እንናገረው፣ የሚሰማ ባይገኝም። ሞተር ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፤ የጠጣውን ግን ሁሉንም አቃጥሎ አይጨርሰውም። የተረፈው በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የተቃጠለውም ቢሆን ጣጣ አለው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው ተንኖ በማርሚታ ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን ወደ ታች ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። አገር አቋርጦ የሚሄድ መኪና ዘይቱ ሲግል ይህንን ሁሉ ያተነዋል። የኛስ? የራዲያተሩ ውሃ ሞቀ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይት ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ገና ከመጥፋቷ እኛ ደርሰን ቁልፍ ነቅለናል። ውሃው እዚያው፣ ቤንዚኑ እዚያው፣ ከነሱ የሚወለደው አሲድም እዚያው።

የተጠራጠረ በነሐሴ ጠዋት የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ይገልብጠው። ከውስጥ በኩል ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፎ ያገኘዋል። በጣት ሲነኩት ያዳልጣል፣ በጨርቅ ሲጠርጉት ይለጠጣል። ይህንን ያየ ችኩል መካኒክ ደግሞ ወዲያው «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ይፈታ» ይልሃል። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለ፣ ሞተሩም ካልጋለ፣ የመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ንጹሕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአጭር መንገድ ላብ ነው እንጂ ቴስታታ የሚያስፈታ ነገር የለውም። ግን ማን ይከራከራል? ከጋራዥ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁም።

«የኔ መኪና እኮ ዘይት አትበላም» እያሉ የሚኩራሩትስ? ዘንጉን መዝዘው ያሳዩሃል፤ ከተሞላ ጀምሮ ዝንፍ አላለም። አዎ፣ አላለም! ዘይቱ ትንሽ በጎደለ ቁጥር ቤንዚንና ውሃ እየሞሉለት ከየት ይጉደል? አንዳንዴማ ከምልክቱ በላይ ከፍ ይላል። ዘንጉን ወደ አፍንጫ ቀረብ ቢያደርጉት ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እነሱ ግን የሚያዩት መስመሩን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የኪሎ ሜትር ነገር ነው። ጋራዡ ዘይት ቀይሮ ሲጨርስ አንዲት ካርድ ያንጠለጥልልሃል፤ የዛሬው ኪሎ ሜትር፣ ቀጣዩ ኪሎ ሜትር፣ በቃ። ቀን የሚጻፍበት ቦታ ቢኖርም ማንም አይሞላውም። መገናኛ ላይ ተገትረህ ስትውል ሞተሩ ይሠራል፣ ዘይቱ ይደክማል፣ ቆጣሪው ግን ተኝቷል። ካርዱ ላይ የተጻፈችው 5,000 ዓመት ሙሉ ላትደርስ ትችላለች፤ ዘይቱ ግን ከደከመ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው «ጋሼ፣ ሞተሩን አሙቄዋለሁ» እያለ ግቢ ውስጥ ሩብ ሰዓት የሚያስጮኸውም ካርዱ ላይ አይቆጠርም። በደግነት ነው የሚያደርገው፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ እየሄደ ነው የሚሞቀው። ይህንንም ነግሬዋለሁ። አንገቱን ነቅንቆ ይሰማኛል፣ በማግስቱ እንደገና ያሞቃል።

ደግሞ የሚገርመው፣ መልሱ ከመኪናው ጋር አብሮ አገር ውስጥ ገብቷል። ከጃፓን አገልግሎ የመጣ ቪትዝ ኪስ ውስጥ አንድም ሰው ገልጦ የማያነበው የጃፓንኛ መጽሐፍ አለ። ቶዮታ ለጃፓን ነጂ የሚለው ግልጽ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በ15,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት፣ ከባድ አጠቃቀም ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ በ7,500 ወይም በ6 ወር፣ ከሁለቱ በቀደመው። ከባድ አጠቃቀም የሚባለው ምን መሰላችሁ? የተራራ ላይ ዳገትና ቁልቁለት፣ አቧራ መንገድ፣ እና እኛን ስማችንን ሊጠራን የቀረው፣ ከ8 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ጉዞ እየደጋገሙ መሄድ። ሦስቱንም አንድ ላይ ይዘን፣ አሁንም «ብዙ አትነዳም እኮ»!

እኔ እንደሚገባኝ በከተማ ለሚንፏቀቅ መኪና ስድስት ወር ዳር ድንበሩ ነው፤ ቆጣሪው ሁለት ሺህም ይበል ሦስት ሺህ። አንዱ መካኒክ ግን «በሦስት ሺህ» ይላል፣ ሌላው «ሲንተቲክ ስለሆነ አሥር ሺህ ይሄዳል» ይላል፣ ሦስተኛው ጠብታውን በሁለት ጣቶቹ አሽቶ «ጠቁሯል» ይላል። መጥቆር ብቻውን ምን ማስረጃ ነው? ቆሻሻ እያጠበ የሚይዝ ዘይት ይጠቁራል እንጂ ምን ይሆናል! ሲንተቲኩም ቢሆን ቤንዚንና ውሃ ሲገባበት ይቀጥናል። ወፍራም ዘይት ይሻላል ብሎ 20-50 የሚገለብጥብህም አለ፤ ቀጭን ዘይት ለሚጠይቅ ሞተር፣ ለዚያውም በእንጦጦ ብርድ።

መፍትሔ የሚሰጡ አይጠፉም። «በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ አውጣት፣ ዘይቱ ይጋል» ይላሉ። ትክክል ናቸው፣ ይሠራል። ታዲያ ለዘይቱ ጤና ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ልመላለስ? የፍጥነት መንገዱ ክፍያ፣ የቤንዚኑ ሰልፍ፣ እዚያ ደርሶ ባዶ እጅ ስለማይመለስ ምሳው። ዘይት መቀየሩ ሳይረክስ አይቀርም፤ እሱም ረከሰ ከተባለ። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዘይት ዋጋው በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ጎረቤቴ በአጥር ላይ ሆኖ «እኔማ ዘይት የሚባል ረሳሁ» ይለኛል። መብራት በጠፋ ማታ ግን ድምፁ አይሰማም።

እሺ፣ ሁሉም ይሁን። ይቀየር ብለህ ትወስናለህ፣ አራት ሊትሯን ጄሪካን ከምታምነው ሱቅ ታሽጋ ገዝተህ ትሄዳለህ። «ፊልትሮውስ ጋሼ? ለዛሬ ይቆይ?» ይልሃል ልጁ፤ አሮጌው ዘይት እዚያ ውስጥ ተደብቆ ከአዲሱ ጋር እንዲቀላቀል። ይቀየር ትላለህ። ትንሿ የቪትዝ ሞተር ከነፊልትሮዋ ከሦስት ሊትር እምብዛም አታልፍም፣ ስለዚህ ጄሪካኗ ውስጥ አንድ ሊትር የሚጠጋ መትረፍ አለበት። ክዳኑ ተጠምጥሞ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሒሳብ ተከፍሎ፣

«የተረፈውስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱማ ትንሽ ነበር።»