ልጨርስ ፍቀዱልኝ

ዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራዬ ታማሚ ሆኖ መቅረብ ነው። የተሰጠኝን የሕመም ታሪክ አጥንቼ አልጋ ላይ እጠብቃለሁ። ተማሪው ገብቶ ይጠይቀኛል፣ ይመረምረኛል፤ ሲወጣ ያደረገውንና ያላደረገውን ቅጽ ላይ እሞላለሁ። ዘመዶቼ «ሳትታመሚ ታምመሽ ይከፍሉሻል?» ይሉኛል። ይከፍሉኛል፤ የሚገባም ነው። ተማሪ የሚሳሳተው እኔ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ይህን ሥራ የጀመረው የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሮዝ ማክዊሊያምስ የምትባል ሴት እግሮቿ የማይታዘዙላት ታማሚ ሆና እንድትቀርብ አሠለጠናት። ሕክምናን ቲያትር አደረገው ብለው የተቆጡ ነበሩ። በ1975 ግን ስኮትላንዳዊው ሮናልድ ሃርደን ተማሪ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ የሚፈተንበትን ዘዴ ይዞ መጣ፤ የእኛም ሥራ እዚያ ውስጥ ቦታ አገኘ።

አንድ ቀን የተሰጠኝ ሕመም ትርፍ አንጀት ነበር። ሆዴ ሲጫን ሳይሆን ሲለቀቅ ይበልጥ እንዳቃስት ተምሬያለሁ። ምርመራው መሀል ላይ የእሳት አደጋ ደወል ጮኸ። በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩ። ጋውኑ ከኋላው ክፍት ስለሆነ ጎኔ ላይ ጨምድጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ ብርዱ ወጣሁ። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አየኝ።

«ሆድዎን ነው?»

«አይ፣ እኔ እኮ...»

«ዛሬ ነው የጀመረዎት?»

«ይስሙኝ፣ ታማሚ አይደለሁም፣ ታማሚ ሆኜ...»

ቃሬዛ መጣ። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ትኩሳት መሰለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሏል። ግን ጥያቄው ሁሉ በአዎ ወይም በአይ የሚያልቅ ነው፤ የጀመርኩትን የምጨርስበት ፋታ አጣሁ። አምቡላንሱ በር ላይ ስንደርስ ቅድም ስትመረምረኝ የነበረችው ተማሪ ሮጣ መጣችና «እስኪ እሷ ትናገር፣ ጨርሳ ትናገር» አለችው። በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ብርድ ልብስ ደረበልኝ።

ቅጻችን ላይ «ታማሚዋ ሳትቋረጥ ተናገረች ወይ?» የሚል መስመር አለ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። እጅ መታጠቡን ይሸመድዱታል፣ ሆድ መጫኑን ይችሉበታል፤ ዝም ብሎ መስማት ግን ያቅታቸዋል። እኛ አበሾች ዘንድ ደግሞ ይብሳል፤ እናቴ ሐኪም አንዴ ካቋረጣት «ደህና ነኝ ዶክተር» ብላ የቀረውን ይዛው ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

እናንተ ሕክምና የምትማሩ ልጆች፣ አደራ፤ ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ እጃችሁን ሆዱ ላይ አታሳርፉ።